ኳሷ ከመምጣቷ በፊት

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ማግሥት። አዲስ አበባ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ኢትዮጵያ የገጠመችው በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን ነው። ባዳዊ አብደል ፈታህ ለግብፅ አስቆጠረ። ኢትዮጵያ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሆነች፤ ጭብጨባው ሳያባራ በ75ኛው ባዳዊ ደገመ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን አገባ። ከዚያም በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አስቆጠረና ዋንጫው እዚሁ ቀረ።

ያቺ ግብ ለመንግሥቱ በውድድሩ ሦስተኛዋ ነበረች፤ ከባዳዊ ጋር ኮከብ ግብ አግቢ አደረገችው። የጎንደሩ ልጅ በተከታዮቹ የአፍሪካ ዋንጫዎችም ማስቆጠሩን አላቆመም፤ በድምሩ 10 አደረሰ። እስከ ዛሬ ድረስ ስሙ ከነሳሙኤል ኤቶ፣ ከነሎራን ፖኩና ከነራሺዲ የኪኒ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ይነበባል።

እኔ ግን ከዋንጫውም ከሠንጠረዡም ይልቅ ያቺን 117ኛ ደቂቃ ነው የማሰላስለው። ሁለት ሰዓት ሊሞላ በቀረበ ጨዋታ፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ የማይዝል እግር የለም። ሁሉም እኩል በደከመበት ሰዓት አንዱ ሰው ግብ በምትገባበት ቦታ የሚገኘው በምን ምክንያት ነው?

በእኛ በወለጋ፣ ነቀምቴ ላይ ይህን ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ተፈጥሮ ነው። በሰፈር ሜዳ ዳር የቆመ አባት ይለዋል፣ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ይለዋል፣ የነቀምቴ ከተማን ቡድን በከፍተኛ ሊግ የተከታተለ ደጋፊ ይለዋል። ጊምቢም፣ ሻምቡም፣ ደምቢ ዶሎም ያው ነው። በኦሮምኛም በአማርኛም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ልጁ ለጎል ተፈጥሯል፣ አለቀ። መልሱ ምስጋና ስለሆነ ማንም አይከራከረውም። እኔ ግን የምፈራው መልስ ነው። ግብ አግቢነት ከእናት ሆድ ይዘውት የሚወጡት ነገር ብቻ ከሆነ፣ የወለጋ ከተሞች ማድረግ የሚችሉት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አጥቂው ጌታነህ ከበደ ከዲላ ሲወጣ፣ አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ስትወጣ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ተፈጥሮ እስክታዳላልን እንጠብቅ ማለት ነው።

ስለዚህ ሰዎች መልሱን እንዴት እንደፈለጉት መከተል ይበጃል። ፍለጋው ብዙ ዓመት የፈጀ፣ መሀል መንገድ ላይም የሳተ ነው።

በወረቀትና በእርሳስ የጀመረው አንድ እንግሊዛዊ ነው። ቻርልስ ሪፕ የእንግሊዝ አየር ኃይል የሒሳብ ሹም ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 18 ቀን 1950 ስዊንደን ታውን ከብሪስቶል ሮቨርስ ሲጫወቱ ስታዲየም ገብቶ ያይ ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ስዊንደኖች ሲያጠቁ ሲያጠቁ ምንም ሳያገኙ አለቀ። ሪፕ ተበሳጨ። ለሁለተኛው አጋማሽ ደብተር አወጣና እያንዳንዱን ጥቃት በምልክት መጻፍ ጀመረ፦ ከየት ተነሣ፣ በስንት ቅብብል ሄደ፣ በምን አለቀ። ከዚያች ቀን በኋላ ለአሥርተ ዓመታት አላቆመም፤ የማታ ጨዋታ ሲሆን የማዕድን ቆፋሪዎች የሚያደርጉትን የራስ መብራት ግንባሩ ላይ አስሮ ይጽፍ ነበር ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1968 በርናርድ ቤንጃሚን ከተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ ጋር ሆኖ ውጤቱን በእንግሊዝ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት አወጣ። ከ1953 እስከ 1967 የተጻፉ ከ500 በላይ ጨዋታዎች ነበሩበት። ዋናው ግኝት ለእግር ኳስ ወዳጅ መራራ ነው፤ አንድ ግብ ለማግኘት በአማካይ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሙከራ ያስፈልጋል፣ ይህም ቁጥር ከዓመት ዓመት እምብዛም አይንቀሳቀስም። ግቦች በጨዋታዎች ላይ የሚከፋፈሉበት መንገድም ዕድል ከምታከፋፍለው ብዙ አይርቅም።

ሪፕ ከዚህ ተነሥቶ ሌላ ድምዳሜ ሰጠ። አብዛኛው ግብ የሚገኘው በሦስት ወይም ከዚያ ባነሰ ቅብብል ስለሆነ ኳሷን በፍጥነት ወደ ፊት ጠልዙ አለ። ስሕተት ነበር። አብዛኛው ጥቃት ገና ከሦስት ቅብብል ሳይዘል ስለሚቋረጥ፣ አብዛኛው ግብም ከአጭር ቅብብል መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ይህ ስሕተት የእንግሊዝን እግር ኳስ ለረጅም ጊዜ ጎድቷል፤ የእኛ ጉዳይ ግን እሱ አይደለም። የእኛ ጉዳይ ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ሙከራ አንዷ የምትለዋ ናት። ሙከራው ሁሉ እኩል ነው ወይ?

አይደለም፤ ይህን ማንም የሰፈር ልጅ ያውቀዋል። በቁጥር ለመግለጽ ግን የሪፕ ደብተር አልበቃም፤ ኮምፒዩተርና በሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳም ግሪን የተባለ የስፖርት መረጃ ኩባንያው የኦፕታ ባለሙያ ለእያንዳንዱ ሙከራ የራሱን ዋጋ የሚሰጥ ስሌት አቀረበ። ስሌቱ የሚጠይቀው ቀላል ነው፦ ከዚህ ቦታ፣ በዚህ ማዕዘን፣ በእግር ወይም በቴስታ የተሞከሩ ኳሶች ከዚህ በፊት ስንቶቹ ገብተዋል? የፍፁም ቅጣት ምት ከአራት ሦስቱ ያህል ይገባል። ከሩቅ የተመታ ኳስ ከመቶ ጥቂቱ ብቻ። ከግቡ አፍ፣ ከአምስት ሜትር ተኩል ሳጥን ውስጥ የተመታ ግን በጨዋታ መሀል ከሚሞከሩት ሁሉ ይልቃል። ዛሬ ይህ ስሌት በቴሌቪዥን ስርጭት ላይ ከውጤቱ ጎን ይታያል።

ነገሩ የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። ተንታኞች ታላላቅ ግብ አግቢዎችን ወስደው ያስቆጠሩትን ግብ ስሌቱ ከሚጠብቅባቸው ጋር አስተያዩት። እነዚህ ሰዎች ከተራ አጥቂ በእጅጉ የተሻለ ይመታሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አብዛኞቹ ግን ያስቆጠሩት ከሚጠበቅባቸው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ዘንድሮ ከሚጠበቅበት በላይ ያገባ አጥቂ በሚቀጥለው ዓመት ወደ መካከለኛው ይመለሳል። ሊዮኔል ሜሲን የመሰሉ ጥቂቶች ዓመት ቆጥረውም ከስሌቱ በላይ ይቆያሉ። በቤልጅየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳሳዩት፣ ስሌቱ ራሱ እንዲህ ያሉትን ጥሩ መቺዎች ችሎታ አሳንሶ የሚያይበት ምክንያት አለ። ስለዚህ በእግር የመምታት ጥበብ የለም አልልም፤ አለ። ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው። ታላቁ አጥቂ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በመሞከሩ፣ ሙከራውም ከቅርብ በመሆኑ ነው።

ጌርድ ሙለርን ያየ ሰው ይህን ያለ ስሌት ያውቀው ነበር። ምዕራብ ጀርመናዊው ረጅም አይደለም፣ ውብ ኳስም አይጫወትም ይባል ነበር። በቡንደስሊጋ በ427 ጨዋታ 365፣ ለአገሩ በ62 ጨዋታ 68 ግብ አስቆጠረ። ግቦቹን መልሶ የሚያይ ሰው ከሁሉ በላይ የሚገርመው ቀላልነታቸው ነው፤ ከሦስት ሜትር፣ ከአምስት ሜትር፣ ተከላካይ የመለሰው፣ በረኛ የተፋው። ብዙ ሰው «እሱንማ እኔም አገባው ነበር» የሚለው ዓይነት ነው። ማግባቱን ያገባው ይሆናል፤ እዚያ ግን አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄው ከእግር ወደ ዓይን ተሻገረ። ሰውየው እዚያ መሆን እንዳለበት በምን ዐወቀ?

በኖርዌይ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ቤት የሚሠሩት ጌይር ዮርዴት ካሜራቸውን ኳሷ ላይ ሳይሆን ገና ኳስ ያልደረሰው ተጫዋች ላይ አነጣጠሩ። የቆጠሩት አንድ ነገር ነው፦ ተጫዋቹ ኳሷ ወደ እሱ ከመምጣቷ በፊት ባሉት ሰከንዶች አንገቱን ዞር እያደረገ ስንት ጊዜ ከኋላውና ከጎኑ ያለውን ያያል? እ.ኤ.አ. በ2013 ባቀረቡት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጥናት ከ100 በላይ የመሀል ሜዳና የፊት መስመር ተጫዋቾች ነበሩበት። ከሁሉ አብልጦ የሚቃኘው ፍራንክ ላምፓርድ ሆነ፤ በሰከንድ 0.62፣ ማለትም በአሥር ሰከንድ ስድስት ጊዜ። ላምፓርድ አማካይ ነው። ያ አማካይ በፕሪሚየር ሊግ 177 ግብ አለው፤ ከእርሱ ያነሰ ያገቡ ስመ ጥር አጥቂዎች ብዙ ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ ዘግይቶ እየደረሰ ማንም ያልያዘው ሰው የሚሆነው በዕድል ይመስለን ነበር። ከመድረሱ በፊት ግን ሜዳውን ደጋግሞ አይቶታል።

ሌላ ማስረጃ ከጨለማ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ክርስቲያኖ ሮናልዶን ለዘጋቢ ፊልም አዳራሽ ውስጥ አስገብተው ኳስ ከጎን አሻገሩለት፤ ኳሷ ገና አየር ላይ ሳለች መብራቱን አጠፉት። እሱ ግን በጨለማው ውስጥ አገባት። የቀረውን የኳሷን ጉዞ የተረዳው ከመቺው ሰውነት አቋምና ከእግሩ እንቅስቃሴ ነው፤ ኳሷን ማየት ከማቆሙ በፊት የት እንደምታርፍ ዐውቋል። ሜሲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእግሩ ሲራመድ ይታያል፤ ሰነፈ ይሉታል። የባርሴሎናው ተንታኝ ሃቪየር ፈርናንዴዝና ሉክ ቦርን እ.ኤ.አ. በ2018 እንቅስቃሴውን ሲለኩ፣ ሜሲ ዋጋ ያለው ባዶ ቦታ የሚይዘው በአብዛኛው እየተራመደ ሆኖ አገኙት። ተከላካዮቹ ኳሷን ተከትለው ይሮጣሉ፤ እሱ የሚተዉትን ቦታ እያየ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ተፈጥሮ የሚለው ቃል ጠበበ። ፍጥነት፣ የጡንቻ ዓይነት፣ ቁመት በከፊል ከወላጅ ይወረሳል፤ ይህን የሚክድ የለም። ከመቺው እግር የኳሷን ማረፊያ ማንበብ ግን ማንም ይዞት አይወለድም። ዓይን ያንን የሚማረው በሺህ የሚቆጠር ኳስ አይቶ ነው።

የትና እንዴት ይማረዋል? የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት የቡንደስሊጋ ተጫዋቾችን የልጅነት ታሪክ ጠይቀዋል። ለብሔራዊ ቡድን የደረሱትን ከአማተር ተጫዋቾች ከለዩአቸው ነገሮች አንዱ በልጅነታቸው ያለ አሠልጣኝ፣ ያለ ፊሽካ፣ በሜዳና በመንገድ የተጫወቱት ኳስ መብዛቱ ነበር። አካዳሚ በአካዳሚ በሆነች አገር እንኳ የሰፈር ጨዋታ ያስገኘው ነገር አልተተካም።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ በልቤ የመጣው ነቀምቴ ነው። የምሥራቅ ወለጋዋ ከተማ ቁልቁለቷና ዳገቷ ብዙ ነው፣ አፈሯ ቀይ ነው፣ ክረምቷ ረጅም ነው፤ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርድባታል። ልጆች የሚጫወቱት በተገኘው ሜዳ፣ ጎሉም ሁለት ድንጋይ ነው። ይህን እንደ ድህነት ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ነው ያየው። በሁለት ድንጋይ ጎል ከሩቅ መትቶ ማግባት አይቻልም፤ ጠቦ የቆመው በር ልጁን ቅረብ ይለዋል። ያዘነበለ ሜዳ ላይ ኳሷ ወዳልታሰበችበት ትሄዳለች፤ ስለዚህ ልጁ ኳሷን ከመከተል ይልቅ የምትሄድበትን መገመት ይለምዳል። አሥራ አምስት ልጅ በሚጨናነቅበት ሜዳ ታላቅየው ከኋላ ሲመጣ ያላየ ይወድቃል፤ አንገት መዞር በዚያ ይለመዳል። አንድ ትልቅ አካዳሚ በብዙ ገንዘብ ሊፈጥረው የሚደክምበትን ሁኔታ የወለጋ ልጅ ከቤቱ በር ላይ አለው።

ታዲያ የሚጎድለው ምንድን ነው? እኔ እንደምለው የሚጎድለው የሚያየው ሰው ነው። ስሜቴን አልደብቅም፤ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በምልመላ ቀን ልጆች ተሰብስበው ሲፈተኑ ዓይን የሚይዘው ትልቁ፣ ፈጣኑ፣ አብዶ የሚሠራውና አክርሮ የሚመታው ነው። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ግን ኳስ ሳይዝ ጥሩ የሚሆን ልጅ በዚህ ፈተና አይታይም። ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ምልመላ ኳሷ ለአንድ ልጅ የምትደርሰው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ችሎታው ያለው ደግሞ በቀሪው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ ባለፉት ዓመታት በወለጋ መንገዶች ላይ የነበረው የጸጥታ ችግር ከተማ ከከተማ የሚያገናኙ ጨዋታዎችን አሳንሷል። ዓይን የሚማረው ደግሞ ከማያውቀው ተጋጣሚ ጋር ሲገናኝ ነው።

ሌላው የማይታየው ነገር ከሳቱ በኋላ ያለው ነው። ሳላዲን ሰይድ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሱዳንን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ከአዳነ ግርማ ጋር አስቆጥሮ ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰ አጥቂ ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 2005፣ በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ኬኔዲ ምዌኔ አዳነው። ዛምቢያም ቀድማ አገባች። አዳነ ግርማ በሁለተኛው አጋማሽ አስቆጥሮ 1 ለ 1 አለቀ። ያን ምሽት ሳላዲንን የረገመው ሰው ብዙ ነበር። በቁጥሩ ግን ከአራት ፍፁም ቅጣት ምት አንዷ በማንም እግር ትስታለች፤ ከሜዳ ውስጥ የሚሞከር ኳስማ ከአሥር ዘጠኙ ገደማ ይስታል። ሙያው ከዘጠኝ ውድቀት በኋላ ለአሥረኛው ያው ቦታ መገኘት ነው። የሳተው ልጅ ከአባቱም ከአሠልጣኙም ስድብ የሚሰማ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ኳስ ሳጥን ውስጥ ከመግባት ይልቅ ለጓደኛው ማቀበል ይመርጣል። ግብ አግቢ የሚጠፋው በዚህች ምርጫ ነው፤ ማንም ሳያስተውል ይጠፋል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ሜዳ መግባቷ ራሱ ሰበብ ስለሚጠይቅ አንድ ስሕተት ሙሉ በሙሉ ልታስወጣት ትችላለች።

የአገራችን የሊግ ክብረ ወሰን ታሪክ ይህ ነገር ባለበት እንደማይቆም ይናገራል። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. 24 አገባ፤ የማይደረስበት ይመስል ነበር። ጌታነህ ከበደ በ2009 25 አደረሰው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 አገባና ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። የሚቀጥለው ከየት እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ሻምቡ ሊሆን ይችላል፣ ነጆም ሊሆን ይችላል።

ለነቀምቴ አሠልጣኞችና ለስፖርት መምህራን የምለምነው ብዙ አይደለም። በምልመላ ቀን ከመካከለኛው መስመር ሳይሆን ከጎሉ ጀርባ ተቀመጡ፤ አጥቂ ፊቱንና ዓይኑን የሚያሳየው ለዚያ ወገን ነው። ኳሷ በሌላ ልጅ እግር ላይ ሳለች አንዱን አጥቂ ብቻ ለአምስት ደቂቃ ተከተሉት። ዞሮ ያያል ወይ? ጓደኛው ሲመታ ቆሞ ይመለከታል ወይስ በረኛው ሊተፋት ወደሚችልበት ይሮጣል? ከሳተ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ጥቃት የት ይቆማል? በትልቁ ሜዳ፣ በወለጋ ስታዲየምም ቢሆን፣ ለልጆች ጎሉን አጥብቡና ሜዳውን አሳጥሩ። ከሩቅ የምትገባ ግብን ለብቻዋ አታጨብጭቡላት፤ በረኛ የተፋውን በአንድ ሜትር ያገባውንም እኩል አመስግኑት።

ደግሞም ጻፉት። የልጁ ስም፣ ቀኑ፣ ሙከራው ከየት እንደነበረ፣ ቀድሞ ዞሮ ማየቱ፣ ከሳተ በኋላ መመለሱ፤ አምስት ዓምድ ያለው ተራ ደብተር ይበቃል። አንድ ጨዋታ ምንም አይነግርም፣ ዕድል ያሸንፈዋል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ የተጀመረ ደብተር ግን ግንቦት ላይ ክረምቱ ሲመለስ የአንዱን ልጅ መቶ ሙከራ ይዞ ይገኛል፤ ምልመላው በዚያ ደብተር ላይ ቢቆም ቁመቱ ያጠረውም፣ ዝምተኛውም፣ የዳር ቀበሌው ልጅም እኩል ይነበባሉ።